ከሐሩ በታች ያለው አቡጀዲ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ «ድሪቶ» የሚለው ቃል ሲነሣ ወደ አሳብ የሚመጣው ችግር ነው። ልብስ ያለቀበት ሰው እራፊ በእራፊ ላይ እየደረበ፣ ቀዳዳውን እየጣፈ ብርዱን የሚከላከልበት ጨርቅ ድሪቶ ይባላል። የዚህ ንግግር ርእስ የሆነው የእጅ ሥራም እንደ ድሪቶ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ከችግር ሳይሆን ከድሎት የመነጨ፣ ብርድን ለመከላከል ሳይሆን ወዳጅን ለማስታወስ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። በአሜሪካ አገር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተስፋፋው ይህ ሥራ «ክሬዚ ኩዊልት» ይባላል። ብዙዎቹን አንዲት ሴት ብቻዋን ሠርታቸዋለች። ሌሎቹን ግን ጓደኛሞች ተባብረው፣ ከመካከላቸው ለምታገባ፣ ወደ ሩቅ ስፍራ ለምትሄድ ወይም ለሚያከብሩት ሰው ማስታወሻ እንዲሆኑ አዘጋጅተዋቸዋል።

መሐንዲሶች ስለ ጥልፍ ሥራ የሚወያዩበት ምክንያት ምንድን ነው ለሚል ጠያቂ መልሱ አጭር ነው። ይህ የጨርቅ ሥራ ልዩ ልዩ ባሕርይ ያላቸው ቁሶች ተገጣጥመው በአንድነት ጭነት የሚሸከሙበት ግንባታ ነው። ከተሠራም ከመቶ ዓመት በላይ ስለ ሆነው የትኛው ክፍል እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ወደቀ በዓይን ይታያል። መቶ ዓመት የሚፈጅ የላቦራቶሪ ፈተና የሚያዘጋጅ ተቋም በቀላሉ አይገኝም፤ እነዚህ ሴቶች ግን ሳያስቡት አዘጋጅተውታል።

በ1876 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካን ነፃነት መቶኛ ዓመት ለማክበር በፊላዴልፊያ ከተማ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። መሐንዲሶች ይህን ኤግዚቢሽን የሚያስታውሱት 1,400 የፈረስ ጉልበት በነበረው የኮርሊስ የእንፋሎት ሞተርና በዚያ ለሕዝብ በታየው የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስልክ ነው። በዚያው ግቢ ከእንግሊዝ አገር የመጣው የንጉሣዊ የጥልፍ ትምህርት ቤት ሥራና የጃፓን የእጅ ጥበብ ዕቃዎች ቀርበው ነበር። የጃፓን ጥበብ ውበትን የሚፈልገው ግራና ቀኙን እኩል በማድረግ ብቻ አልነበረም። የአንዳንድ ሸክላ ዕቃዎች የሚያብረቀርቅ ቅብም ሆነ ተብሎ በጥቃቅን ስንጥቅ የተሞላ ነበር። በእንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ስንጥቅና ለእብደት የሚያገለግለው ቃል ሥሩ አንድ በመሆኑ፣ ብዙ ጸሐፊዎች የጨርቅ ሥራውን ስም ከዚሁ ጋር ያያይዙታል።

ኤግዚቢሽኑ አሳቡን ሲሰጥ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ሰጠ። በኒው ጀርዚ ግዛት በፓሴክ ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ የተቆረቆረችው ፓተርሰን በሐር ሽመና ከመታወቋ የተነሣ «የሐር ከተማ» ተባለች። ቀድሞ የባለጸጎች ብቻ የነበረው ሐር ወደ መካከለኛው ኅብረተሰብ ቤት ገባ፤ የሐር ቁርጥራጭም በጥቅል እየሆነ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይሸጥ ጀመር። በመሆኑም በ1880ዎቹ ዓመታት ክሬዚ ኩዊልት በየቤቱ የሚሠራ ፋሽን ሆነ።

የአሠራሩ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ አንድ ካሬ አቡጀዲ ይቆረጣል። በላዩም ቅርጻቸውና መጠናቸው የማይመሳሰል የሐር፣ የሳቲንና የከፋይ ቁርጥራጮች፣ የከረባት ቅሪቶችና ጥብጣቦች ጠርዝ በጠርዝ ላይ እየተደረቡ ይደረደራሉ። የየቁራጩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከአቡጀዲው ጋር ይሰፋል፤ መጋጠሚያውም የወፍ ላባ በሚመስል የጥልፍ ስፌት ይሸፈናል። በየቁራጩ መካከል አበባ፣ ማራገቢያ፣ ወፍ ወይም የሸረሪት ድር ይጠለፋል። ካሬዎቹ ሲያልቁ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ገበር ይለብሳሉ። ተራው የአልጋ ልብስ በመካከሉ ባዘቶ ሲኖረው ይህኛው ብዙውን ጊዜ ባዘቶ የለውም። የሚዘረጋውም እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል ለዓይን ጌጥ እንዲሆን ነበር።

ሥራው በካሬ በካሬ መከፈሉ ለማኅበር ሥራ እጅግ ያመቻል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ 30 ሴንቲሜትር በ30 ሴንቲሜትር የሆነ 30 ካሬ፣ አምስቱ በወርድ ስድስቱ በቁመት ቢገጣጠሙ 1.50 ሜትር በ1.80 ሜትር የሆነ ሥራ ይገኛል። እያንዳንዷ ጓደኛ አንድ ካሬ በቤቷ ሠርታ ታመጣለች። ቀለሙን፣ ቅርጹንና ጥልፉን እንደ ወደደች ትመርጣለች። እንድትጠብቅ የሚፈለግባት የካሬውን ልክ ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አነጋገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝለትም።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው የጭነቱ አካሄድ ነው። ተመልካች የሚያየው ሐሩን ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ግን አቡጀዲው ነው። ከፋይ ከባድ፣ ሐር ቀጭን ነው። በድሩ አቅጣጫ የተቆረጠ ቁራጭ ሲሳብ እምብዛም አይለጠጥም፤ በሰያፍ የተቆረጠው ግን ይለጠጣል። እነዚህ ያለ አንዳች መሠረት እርስ በርሳቸው ብቻ ቢሰፉ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሥራው በአጭር ጊዜ ይጣመም ነበር። የእያንዳንዱን ቁራጭ ክብደት ተቀብሎ፣ የአንዱን ጉልበት ከሌላው ድካም አስታርቆ የሚይዘው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነውና ማንም የማያየው አቡጀዲ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሲታይ የደረሰው ጉዳት ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው የቁስ ጉዳት ነው። የሐር ትል የምታወጣው ክር ሴሪሲን በሚባል ሙጫ የተሸፈነ ነው። ክሩ እንዲለሰልስና እንዲያብረቀርቅ ሙጫው በትኩስ የሳሙና ውሃ ሲወገድ ከጥሬው ሐር ክብደት አንድ አራተኛ ያህሉ ይጠፋል። የጠፋውን ክብደት ለመመለስ፣ ኋላም ከጠፋው በላይ ለመጨመር ሲባል ሐሩ በብረት፣ በቲንና በመሳሰሉት ማዕድናት ጨው ይነከር ጀመር። እንዲህ ያለው ጨርቅ ሲዳሰስ ወፈር ያለ፣ ሲታይም ያማረ ነበር። ነገር ግን የተጨመረው ማዕድን፣ በተለይም ብርሃን ሲያገኘው፣ የሐሩን ጭረት ያዳክመዋል። ከዚህም የተነሣ ያ ያማረ ሐር ትይዩ በሆኑ መስመሮች እየተሰነጠቀ ይበጣጠሳል፤ ሲነካም ይፈረፍራል። ከአጠገቡ ያለው፣ ማዕድን ያልነካው ቁራጭ ግን በአንድ ጭነት ሥር፣ በአንድ ክፍል አየር እየኖረ ደህና ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ክብደት የተጨመረበት ሐር ለገዢው ተገልጦ እንዲሸጥ የሚያዝ ደንብ ያወጣው በ1938 ዓ.ም. ነው። ለጓደኞቻቸው ከሁሉ የተሻለውን ጨርቅ የመረጡት የ1880ዎቹ ሴቶች ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ጉዳት ከኬሚካል አይመጣም። በ1840ዎቹ ዓመታት ጓደኛሞች ያዘጋጁዋቸው በነበሩት ቀደምት የወዳጅነት ኩዊልቶች ላይ እያንዳንዱ ሰው ሙሉ ስሙን በቀለም ይጽፍ ነበር። ወደ ምዕራብ የሚሰደድ ቤተሰብ ተመልሶ የማያያቸውን ወዳጆች ስም ይዞ ይጓዝ ነበር። አንዳንዱ ቀለም ብረት ስለ ነበረበት ጨርቁን በልቶ ስሙ የነበረበትን ስፍራ ቀዳዳ አድርጎታል። በክሬዚ ኩዊልት ላይ ግን ስሙ በአብዛኛው በክር ተጠለፈ። ክሩ ከቀለሙ ይልቅ ጸና፤ ሆኖም የሚጠለፈው ብዙ ጊዜ ሙሉ ስም ሳይሆን የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነበሩ። ሙሉ ስም መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ተቀባይዋ ሁሉንም ታውቃለች፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ዛሬ በየሙዚየሙ ከሚገኙት መካከል ሠሪዎቻቸው የማይታወቁ ብዙ ናቸው። ፊደሉ በግልጥ ይነበባል፣ ሰውየዋ ግን የለችም። ወዳጅነቱ ራሱ፣ ሁሉም ያውቀዋል በሚል እምነት፣ የወዳጆቹን ማንነት ሳያስመዘግብ ቀረ።

እነዚህ ሁለት ጉዳቶች በጥገና ጊዜ ይገናኛሉ። የተበጣጠሰውን ሐር ቆርጦ አውጥቶ በአዲስ መተካት ቀላል ነው፤ ውጤቱም ለዓይን ያምራል። ነገር ግን የተበጣጠሰው ቁራጭ የአንዲት ጓደኛ ፊደልና ጥልፍ ያለበት ሊሆን ይችላል። እርሱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የጥገና ባለሙያው ሥራ እንጂ የጓደኛሞቹ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ የዛሬ የጥገና ባለሙያዎች ነባሩን ሳያነሡ ይደግፉታል፤ ይኸውም የተሰነጠቀውን ሐር በስስ መረብ ወይም በስስ የሐር ጨርቅ ሸፍነው፣ ወደ ፊት ያለ ጉዳት ሊፈታ በሚችል ስፌት ይይዙታል። ሥራው አይታጠብም፤ ቀለሞቹ ይለቃሉ፣ ቁሶቹም እኩል አይሸበሸቡም። ሲሰቀል በሁለት ጥግ በሚስማር አይያዝም፤ በላይኛው ጠርዝ ሙሉ ርዝመት ላይ በተሰፋ እጅጌ በትር ገብቶበት ጭነቱ እኩል እንዲከፋፈል ይደረጋል።

ስለ ብርሃንም ስሌቱ ግልጥ ነው። ለጨርቃ ጨርቅ የተለመደው ወሰን 50 ሉክስ ነው። በቀን 8 ሰዓት ለ90 ቀን በዚህ መጠን ቢበራ ድምሩ 36,000 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። መብራቱ ወደ 500 ሉክስ ከፍ ቢል ያው ድምር በ9 ቀን ይሞላል። የብርሃን ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ በጨለማ በማሳረፍ አይሽርም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ከሙዚየም ደጃፍ ያልፋል። በየመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት ላይ ባሉ ድልድዮች፣ የውሃ መስመሮችና ሕንፃዎች ውስጥ ማንም ያልመዘገበው ለውጥ ሞልቷል። በሥራው ላይ የነበሩት ሁሉ ስለሚያውቁት፣ ቧንቧው ከፕላኑ ውጪ በየት እንደ ዞረ ወይም የመሠረቱ ጥልቀት ለምን እንደ ተለወጠ መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስላቸዋል። ከዓመታት በኋላ ግን አንዱ በጡረታ፣ አንዱ በዝውውር፣ አንዱ በሞት ይለያል። ተተኪው መሐንዲስም የመጀመሪያ ፊደላትን ብቻ የያዘ ጨርቅ እንደሚመለከት ሰው ይሆናል። ቁሱን ያቀረበ ሰው ያልገለጠው ነገርና ሠሪው ያልጻፈው ነገር ለተተኪው አንድ ዐይነት ዕዳ ናቸው።

ስለዚህ ለተሰናባች ባልደረባ ማስታወሻ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከገበሩ ጀርባ አንዲት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ይስፉበት፤ በላዩም የሰጪዎቹን ሙሉ ስም፣ ስፍራውንና ዘመኑን በክር ይጥለፉበት። ሥራ የሚያስረክብ መሐንዲስም እንደዚሁ፣ የተሠራው ሥራ ከፕላኑ የተለየበትን ነጥብ ሁሉ በፕላኑ ላይ አስፍሮ ከነስሙና ከነቀኑ ያስረክብ። አብረው ለሠሩት ይህ አላስፈላጊ ድካም መስሎ ይታያል፤ የሚጻፈው ግን ለእነርሱ አይደለም።