ረቂቃችሁን መልሳችሁ ጠይቁ

ውድ የሕግ ተመራቂዎች፣

ፍትሐ ብሔሩን፣ ወንጀሉን፣ ሥነ ሥርዓቱን ለዓመታት ስታገላብጡ ከርማችሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፋችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ወላጆችም «ልጄ ጠበቃ ሆነ» ብላችሁ ለጎረቤት ሳትነግሩ አልቀራችሁም። ደስታችሁን ልቀንስባችሁ አልመጣሁም፤ ነገር ግን ዲግሪና የጥብቅና ፈቃድ ለየቅል ናቸው። ፈቃዱ የሥራ ልምድና ፈተና ይፈልጋል። እስከዚያው ብዙዎቻችሁ አንድ የጥብቅና ቢሮ ጥግ ላይ ባለች ጠረጴዛ ትቀመጣላችሁ፤ ቢሮው ምናልባትም ከዚህ ከቦሌ ሳይርቅ፣ አትላስ ወይም መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያች ጠረጴዛ ነው።

በቅድሚያ ስለምትገቡበት ቤት እውነቱን ልንገራችሁ። የጥብቅና ድርጅት በአገራችን ገና ለጋ ነው። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠበቃ በተግባር በየግሉ ነበር የሚሠራው። በሩ ላይ የሦስት ሰው ስም ቢለጠፍም ሁሉም ለየራሱ ነበር። ጠበቆች ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር ተደራጅተው እንደ አንድ ድርጅት እንዲሠሩ በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም የተቋቋመው በዚሁ አዋጅ ነው። የእኔ ዘመን ጠበቃ ግን ፋይሉን ብቻውን ተሸክሞ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ብቻውን ተመላልሶ፣ ሙያውን ብቻውን ፈልቅቆ ያወጣ ሰው ነው። ተከራካሪነቱን ተክኖበታል፤ ማስተማርን ግን ማንም አላስለመደውም። ስለዚህ አለቃችሁ ረቂቃችሁን ወስዶ ማታ ብቻውን ቢያርመው፣ ጠዋት ፈርሞ ቢያስገባው፣ ለእናንተም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቢቀር ንቀት አይምሰላችሁ፤ የኖረበት ልማድ ነው። «ያረሙትን ልየው?» በሉ። የትኛው አንቀጽ ተሰረዘ? ለምን ተሰረዘ? የት ቦታ ቃል አበዛን? በእጃችሁ የተመለሰች አንዲት የታረመች ረቂቅ ከብዙ ስልጠና ትበልጣለች።

ሌላው ሥራችሁ ምን ይሆናል? ቅጂ ማንሳት፣ ከመዝገብ ቤት የውሳኔ ግልባጭ ማውጣት፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ውልና ማስረጃ ወረፋ መያዝ። «ለዚህ ነው ወይ የተማርኩት?» የምትሉበት ቀን ይመጣል። እስቲ አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። ደንበኛችሁ አያት አካባቢ ቤት ሊገዛ ነው እንበል። የቤቱ ባለቤት የምትኖረው ዋሽንግተን ነው፤ የሚሸጥላት ወንድሟ ነው። ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጧል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተምም አርፎበታል። «ንብረቶቼን በሙሉ እንዲያስተዳድርልኝ» ይላል። እዚህ ላይ ቁሙ! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወንድምየው እንዲሸጥ በግልጽ ካልተወከለ ደንበኛችሁ በገንዘቡ የገዛው ሙግት ነው። ሴትየዋስ ባለትዳር ናት? ቤቱ የጋራ ከሆነ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የባሏም ስምምነት የግድ ነው። ይህንን ሁሉ ከማንም በፊት ማየት የሚችለው ወረቀቱን ኮፒ እንዲያደርግ የተላከው ልጅ ነው፤ ኮፒ ከማድረጉ በፊት ካነበበው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ቀኑ ነው። ከቦሌ ሆቴሎች ከአንዱ የተሰናበተ ሠራተኛ ቢሯችሁ ሲመጣ የደረሰበትን በደል ከሥር መሠረቱ ሊተርክላችሁ ይጀምራል። በትዕግሥት ስሙት፤ መጀመሪያ ግን «መቼ ነው የተሰናበትከው?» ብላችሁ ጠይቁት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ ስንብቱ ከተፈጸመ 3 ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። በሥራ ክርክር ይግባኝ ማቅረቢያው 30 ቀን፣ በመደበኛው ፍትሐ ብሔር ደግሞ 60 ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አቤቱታ ይዛችሁ አትሩጡ። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር ብትሉ ሬጅስትራሩ ያዝንላችሁ ይሆናል እንጂ ቀኑን አይመልስላችሁም።

ምስጢርም አለ። ቦሌ ላይ ብዙ ጉዳይ ካፌ ውስጥ ይወራል። ማኪያቶ ይዛችሁ የደንበኛችሁን ስም ስታነሱ ከጀርባችሁ የተቀመጠው ሰው የባላጋራው አማች ሊሆን ይችላል። ፋይሉም ወሬውም ከቢሮ አይውጣ። «መዝገቡን እኔ አስፈጽምልሃለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ሲጠጋችሁም ለሰላምታ እንኳ አትቁሙለት፤ አንድ ጊዜ ከእሱ ጋር የታየ ወጣት ስሙን ለማጥራት ዘመኑን ይፈጃል።

ሙያው የከፋይ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ይህ አገልግሎት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ማወቅ የፈለገ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ያስታውስ። ማኅበሩ ገና በጨቅላነቱ፣ በጠለፋ የወሰዳትን ሰው ገድላ የተከሰሰችን የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዞ ተከራከረ፤ ልጅቷም ነፃ ወጣች። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያስመልጠው የቀድሞ ድንጋጌ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ቀርቷል። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። አቅመ ደካማ ባለጉዳይ ሲመጣ ፋይሉን «ለእኔ ስጡኝ» በሉ፤ ከሁሉ የሚያስተምራችሁ እሱ ነው።

በመጨረሻ ለሙያ ባልደረቦቼ፣ ለጠበቆች፣ አንድ ነገር ልበል። ሕጉ ድርጅት እንድንሆን ፈቅዶልናል፤ ድርጅት ግን በፎቅና በምልክት ሰሌዳ አይቆምም፤ የሚቆመው ተተኪ ሲያፈራ ነው። እነዚህን ልጆች ስንቀጥር ከገርጂና ከሰሚት ተነስተው ልደታ የሚመላለሱበትን ትራንስፖርት አስበን እንክፈላቸው። ችሎት ይዘናቸው እንግባ፤ ስንወጣም ዳኛው ያንን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁ እናስረዳቸው። ረቂቃቸውን ሲጠይቁን ደግሞ «ጊዜ የለኝም» አንበል። እኛ ብቻችንን የተማርነው መምህር አጥተን ነው፤ እነሱ በዚያው መንገድ እንዲያልፉ የሚያስገድድ ምንም ምክንያት የለም።

ውድ ተመራቂዎች፣ አንብቡ፣ ቀን ቁጠሩ፣ ጠይቁ።