የጭቃ ሰው ለምን ገዛን?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከንፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ የመጣችሁ እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ የተከበራችሁ አጋሮቻችን፦

ቅድም የንብረት ዝርዝሩ ሲነበብ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የብረት ሣጥን ሲባል ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ሰማችሁ። «የሸክላ ምስል፣ አንድ» ሲባል ግን አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት እናታችንም ተነሥተው «ለጭቃ ሰው ደግሞ ገንዘብ ይወጣል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ በየወሩ እያዋጣችሁ ያጠራቀማችሁት የእናንተው ነው። ስለዚህ የሒሳብ ክፍላችን ለምን እንደ ገዛን፣ እንዴት እንደ ገዛንና በምን ዋጋ መግዛት እንደሚገባ ያስረዳችኋል።

ነገሩ የጀመረው ከስጦታ ነው። እንግዳ ሲመጣ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ከከተማ ሱቅ ወርቃማ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ሐውልት እየገዛን እንሰጥ ነበር። በካርቶን ታሽጎ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መልኩ እኛን አይመስል፣ ማን እንደ ሠራው አይታወቅ። ደረሰኙ የተሟላ ስለነበረ በሒሳብ በኩል እንከን አልነበረውም። እንዲያውም በዚያ ግዢ ላይ ማንም ጥያቄ አንሥቶብን አያውቅም። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው፣ ጥያቄ የሚገባው ያኛው ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ጎንደር በሄድንበት ወቅት ከከተማዋ ወጣ ብላ የምትገኘውን ወለቃን አየን። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ሴቶቹ ከእንስራና ከጀበና ሌላ ትናንሽ የሰው ምስሎችን ይሠሩ ነበር፦ ልጅ ያዘለች እናት፣ ውሃ የቀዳች ሴት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ገዢዎቻቸው በአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚዎች ነበሩ። የአካባቢው ሰው ምጣዱንና ድስቱን ይገዛል፤ ሠሪዋን ግን በክፉ ዓይን ያያታል። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ዛሬ በወለቃ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እነዚያኑ ምስሎች እየሠሩ ይሸጣሉ። በኮሮናና በጦርነቱ ጎብኚው ሲቀር ግን ገበያቸው ተቀዛቀዘ። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። በመንገድ ስንመለስ የተነጋገርነው ይህንኑ ነበር፤ በእኛ ወረዳዎች ገበያ ዳር ጀበና ዘርግተው የሚቀመጡት ሸክላ ሠሪዎችስ? እነርሱንም ከሄዱ በኋላ ነው ወይ የምናከብራቸው?

ከእነዚህ ሸክላ ሠሪዎች አንዷ የማኅበራችን አባል ናቸው። «የሰው ምስል ቢሠሩልን እንገዛለን» አልናቸው። እርሳቸው ግን ፈሩ። «እንኳን የሰው ምስል ሠርቼ፣ ጀበና ስሠራም ቡዳ ይሉኛል። ከጭቃ ሰው ሠራች ሲባልማ ምን ሊሉኝ ነው? አንድ ልጅ ቢታመም በእኔ ሊያሳብቡ ነው» አሉን። ይህንን የምንነግራችሁ በእርሳቸው ፈቃድ ነው። ማን እንደሆኑ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። በማኅበራችን ውስጥ መዋጮአቸውን ተቀብለን ቡናቸውን የማንጠጣ አለን። «ጠይብ» የሚለውን ቃል ከአፋችን ያላወጣን ብንኖር ጥቂቶች ነን። ይኸው እኛው ግን አጤ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባሠሩት በሴባስቶፖል መድፍ እንኮራለን። መድፉ በዚሁ በእኛው አገር ገደልና አቀበት አልፎ በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ ተጎትቷል። ምስሉም በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በመድፉ እየኮሩ ብረት የሚያቀልጠውን መናቅ፣ በጀበናው እየጠጡ ጭቃውን ያቦካችውን መፍራት፣ ሒሳቡ አይገጥምም።

ሌላው የሰማነው ቅሬታ የሃይማኖት ነው። «የተቀረጸ ምስል ጣዖት አይደለም ወይ?» ያሉን አሉ። ኦሪት የሚከለክለው የሚሰገድለትን ነው፤ እኛ ደግሞ የምንሰግድለት ነገር አልገዛንም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅርጽ ይልቅ ሥዕልን እንደምታዘወትር እናውቃለን። ቢሆንም ከእኛ ተነሥቶ በቻይና መንገድ ጋሸናን አልፎ ላሊበላ የደረሰ ሰው፣ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ከዓለቱ የተፈለፈሉ የቅዱሳን ምስሎች መኖራቸውን ያውቃል። እኛ ሴቶች ወደዚያ ስለማንገባ በዓይናችን አላየናቸውም፤ ወንድሞቻችን ግን አይተው ነግረውናል።

የሰውን አካል መቅረጽ ከውጭ የመጣብን ነገርም አይደለም። በአክሱም አጠገብ ሐውልቲ በሚባል ቦታ የተገኘች የድንጋይ ሴት በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም አለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራች ናት። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የኮንሶ ሰዎች ለሞተ ጀግናቸው ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ያቆማሉ። በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቆመውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ሲገባ አውርዶ ቀበረው፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጠላት ሐውልት የሚቀብረው፣ ምስል ሰውን ምን እንደሚያስታውሰው ስለሚያውቅ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ቅርጻ ቅርጽ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ሲያስተምር ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የቆመውን የአጤ ኃይለ ሥላሴን ሐውልት የሠሩት በቀለ መኮንንም በዚያው ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በአደባባይ የምናያቸው ሐውልቶች አብዛኞቹ የነገሥታት፣ የጳጳሳትና የአርበኞች ናቸው። ውሃ የቀዳች ሴት ግን እዚያ መካከል ብዙ ጊዜ አትገኝም።

ሸክላ ሠሪዋ እናታችን በመጨረሻ እሺ አሉ። የሠሩትም ይኸውላችሁ፣ በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ነው። ቁመቱ ስንዝር ተኩል ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ናት። ወገቧ ጎብጧል፣ አንድ እግሯ ቀድሟል፣ በሁለት እጇ የእንስራውን ገመድ ደረቷ ላይ ይዛለች። ቢሮ ባመጣነው ቀን አንዲት አዛውንት አባላችን ዙሪያውን አዩትና «ይቺማ እኔ ነኝ፤ ወገቤን እኮ ነው የሠራችው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ምስሉ ጥቅም ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። ከእናንተም ከአጋሮቻችንም የሰው ምስል መግዛት የሚፈልግ ቢኖር፣ የግዢው ሙያ በእጃችሁ ነው። እንስራ እንደምትገዙት ግዙ። በጣታችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንኳኩትና አዳምጡ። በደንብ የተቃጠለና ያልተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ጥርት ይላል፤ የተሰነጠቀ ይነፍጋል። ቀጥሎ አንገቱን፣ ብብቱንና ቁርጭምጭሚቱን እዩ፤ የሰው ምስል የሚሰበረው ክፍሎቹ በተጋጠሙበት ነው። በለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ከተወዛወዘ መሠረቱ ሲደርቅ ጠምሟል ማለት ነው። ጥቁር ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ አሸት አድርጉት። በጭስ የጠቆረ አይለቅም፤ ቀለም ከሆነ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ምስሉ ወፍራም ከሆነ ውስጡ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ጭቃው ደፍን ሆኖ ሳይደርቅ እሳት ከነካው፣ ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። ስታጓጉዙ በጭድ ጠቅልሉት፤ ስታነሡትም ከሥሩ እንጂ በአንገቱ ወይም በክንዱ አትያዙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «አሮጌ ነው፣ ከመቃብር ወይም ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው» የተባለ ምስል ከቶ አትግዙ። ከኮንሶ ዋካዎች ብዙዎቹ ከቆሙበት ተሰርቀው ተሸጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እኛ የምንገዛው አዲስ የተሠራውን፣ ሠሪዋም በሕይወት ኖራ ዋጋውን በእጇ የምትቀበልበትን ነው።

ዋጋን በተመለከተ «ጭቃ አይደለም እንዴ፣ ምን ያስወድደዋል?» የሚል ነገር በየገበያው እንሰማለን። እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት ሸክላ ሠሪ አሥር ምስል ለመሥራት የአህያ ኪራይ፣ የእንጨትና የኩበት ማገዶ፣ የራሷም የቀን ድካም ሲደመር 4,200 ብር አወጣች እንበል። አንዱ 420 ብር ነው የፈጀው እንላለን። ነገር ግን ሦስቱ በእሳት ቢሰነጠቁ የሚሸጡት ሰባት ናቸው። ወጪው ለሰባት ሲካፈል አንዱ 600 ብር ይሆናል፤ ይህም ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። እኛ ተከራክረን በ500 ብር ከገዛናት ሰባቱን ሸጣ 3,500 ብር ታገኛለች፤ 700 ብር ከራሷ ጨምራ ሰጠችን ማለት ነው። ገዢው የተሰበሩትን አያይም፤ ሠሪዋ ግን ታያቸዋለች። ስለዚህ ከመከራከራችን በፊት «ስንቱ ተሰበረ?» ብለን መጠየቅን እንልመድ።

አጋሮቻችንንም በትሕትና የምንለምነው ነገር አለ። ከሴቶቻችን ምስል ስትገዙ በእዘኔታ ብላችሁ ከዋጋው በላይ አትክፈሉ፤ ብዛት ነው ብላችሁም ከወጪው በታች አትጠይቁ። እዘኔታ ለአንድ ቀን ነው፤ ትክክለኛ ዋጋ ግን ለከርሞም ያሠራል።

በመዝገብ በኩል የሆነውን እንንገራችሁና እንጨርስ። ሻጯ ደረሰኝ ስለሌላቸው የመግዣ ወረቀት አዘጋጅተን፣ ገንዘቡን በሁለት ምስክር ፊት ሰጥተን፣ በጣት አሻራቸው ፈርመዋል። ምስሉን እንደ አላቂ ዕቃ ሳይሆን በቋሚ ንብረት መዝገብ አስገብተነዋል። በወንበሩና በጠረጴዛው ላይ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እናስባለን። በዚህ ላይ አላሰብንም፤ በሚቀጥሉት ዓመታት ከመርከስ ይልቅ የሚከበር መስሎናልና። ኦዲተሩ ከጠየቀን መልስ እንሰጣለን።

መልስ የሌለን ለአንድ ዓምድ ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ «የሠሪው ስም» የሚል ዓምድ ጨምረናል። ከምስሉም ግርጌ ስማቸውን ልንጽፍ አስበን ነበር። እርሳቸው ግን «አሁን አትጻፉት። ሰው ቤቴ መጥቶ ቡናዬን ሲጠጣ ያን ጊዜ ትጽፉታላችሁ» አሉን። ስለዚህ ዓምዱ ባዶ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ባዶ ሆኖ ያለፈ ዓምድ ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስንልን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለእንግዳ የሚሰጥ ስጦታ ከእንግዲህ ከአባሎቻችን እጅ እንዲገዛ። ሁለተኛ፣ ዋጋው የተሰበረውን ጨምሮ እየታሰበ እንዲወሰን። ሦስተኛ፣ የሚቀጥለው ወር ስብሰባችን በእኚህ እናታችን ቤት እንዲሆን፣ ቡናውንም እርሳቸው እንዲያፈሉ። ሁለቱ ውሳኔዎች በገንዘብ የሚፈጸሙ ናቸው። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን እርሱ መሆኑን እናውቃለን።

እኛ መዝገቡን ይዘን እንመጣለን። ቶናና ሦስተኛው ሲጠጣ ባዶውን ዓምድ እንሞላዋለን።