የውሻ ፀጉር ማስተካከል ትምህርት አመራረጥ



በብሪታኒያ የውሻ ፀጉር ለማስተካከል በሕግ የሚጠየቅ የሙያ ፈቃድ የለም። መቀስ የገዛ ሁሉ ሱቅ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ያልጠየቀውን ተማሪው ራሱ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

«ሲቲ ኤንድ ጊልድስ» የተባለው ድርጅት የሚሰጠው የሦስተኛ ደረጃ ዲፕሎማ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። ሆኖም ከወረቀቱ አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ሊመረመሩ ይገባል። አንደኛ፣ ተማሪው በአስተማሪ ተቆጣጣሪነት በገዛ እጁ ስንት ውሻ ያጥባል፣ ስንትስ ይቆርጣል? ሁለተኛ፣ የሚለማመድባቸው ውሾች ፀጉራቸው ልዩ ልዩ ነውን? የፑድል ፀጉር ሳያቋርጥ ስለሚያድግ ይቆረጣል፤ ድርብ ፀጉር ያለው ሃስኪ ግን ይበጠራል እንጂ አይላጭም። ሦስተኛ፣ ስለ አደጋ ይማራልን? በጥፍር ውስጥ የደም ሥር አለ፤ ውሻም ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው ይልቁንም በማለክለክ ነውና፣ በጋለ ማድረቂያ ውስጥ ተዘግቶ ቢረሳ ሊሞት ይችላል።

በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ዕውቀቱን ያስጨብጥ ይሆናል፤ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥ ውሻን አያያዝ ግን አያስተምርም። ውሻ ደግሞ «አመመኝ» ብሎ አይከስም።

እንግዲህ ምክራችንን ለሚሹ ወጣቶች፣ ከመመዝገባቸው በፊት አንድ ቀን ገብተው ሥራውን እንዲመለከቱ እንንገራቸው። ይህን የሚከለክል ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷል።