ውሃው ከሸሸ በኋላ
(በቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «የትናንሽ ከተሞች የጤና አደጋ ዝግጁነት» የሚል ርዕስ ሲሰጠኝ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ የጎንደርን መንገድ ብትይዙ ወረታ ትደርሳላችሁ፤ ትንሽ አለፍ ስትሉ ደግሞ አዲስ ዘመን አለች። የማወራችሁ ስለነዚህ ሁለት ከተሞችና በሥራቸው ስለተዘረጋው ሜዳ ነው።

የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለአገራችን ክፉ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን በሌሊት ጎርፍ መታት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ኦሞ ሞልቶ በደቡብ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። የኛም ጎርፍ የዚያው ክረምት ነው። ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፍ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ፤ በሰሜን በኩል ደምቢያም አልተረፈችም። ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ።

የኛ ጎርፍ ግን እንደ ድሬዳዋው አይደለም። እዚያ ውሃው በሌሊት መጥቶ ጥፋቱን ጨርሶ ይሄዳል። እዚህ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ምክንያቱን የሜዳው ገበሬ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል፤ ጣና ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ ይቆይና እስከ መስከረም ድረስ ከፍ እያለ ይሄዳል። ወንዞቹ ነሐሴ ላይ ሲሞሉ ሐይቁም እየሞላ ስለሆነ ተቀባይ የላቸውም። ስለዚህ ውሃው በናበጋ፣ በሻጋ፣ በዋገጠራ ሜዳ ላይ ይተኛል። ዛሬ በርብ ላይ ግድብ አለ፣ እሰየው ነው፤ ጉማራን ግን አይመለከተውም።

እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የአደጋ ዕቅዶች የተጻፉት ለድሬዳዋው ዓይነት ጎርፍ ነው። ሰው ማውጣት፣ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ከዚያ «ሁኔታው ተረጋግቷል» የሚል ሪፖርት። በፎገራ ግን የጤናው ሥራ የሚጀምረው ያ ሪፖርት በተጻፈ ማግስት ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 2,000 ሰው ተፈናቅሎ አንድ ትምህርት ቤት ገባ እንበል። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ይላል። 30,000 ሊትር ውሃና 100 መጸዳጃ መሆኑ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ቢገኝ በቀን ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት፣ ያውም መንገዱ ካስገባው። ጉድጓድ እንቆፍር ብትሉ ደግሞ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ነሐሴ ላይ አንድ ክንድ ሳትወርዱ ውሃ ይሞላዋል። እንግዲህ መጸዳጃው በግንቦት፣ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ካልተቆፈረ አይኖርም ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ የጀመረው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (ያኔ በይፋ ኮሌራ አይባልም ነበር) ክልል ከክልል እየተሻገረ እኛም ጋ ደርሷል። መጸዳጃ የሌለው መጠለያ ምን እንደሚጠብቀው ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ከ2,000 ሰው ውስጥ ከመቶ ሦስት ያህሉ ነፍሰ ጡር ብንል 60 እናቶች ናቸው። በየወሩ ስድስት ሰባቱ ይወልዳሉ። በጤና ጣቢያዎቻችን የእናቶች ማቆያ ክፍሎች አሉ አይደል? ቀናቸው ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚደርሰውን እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስም ታውቃቸዋለች። መንገዱ ሳይዘጋ ማምጣት እንጂ በታንኳ ምጥ ላይ ያለች ሴት ማሻገር ዕቅድ አይባልም። የስኳር፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱትም እንደዚሁ፤ የሁለት ወሩን በሰኔ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት አንድ ጣጣ አለ። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጎርፉ የሚመጣው አሮጌው በጀት ተዘግቶ አዲሱ ገና ባልተለቀቀበት ሰሞን ነው። ግዢ በሐምሌ ይጠየቃል፣ ውሃ አጋሩና ኦ አር ኤሱ ውሃው ከሸሸ በኋላ ይደርሳል። የትናንሽ ከተሞች ከንቲባዎችን አንድ ነገር ብቻ ለምኑ ብትሉኝ፣ የክረምቱ ዕቃ ካለፈው ዓመት በጀት በግንቦት ይገዛ ነው የምላቸው።

አሁን ወደ ከበደኝ ጉዳይ ልምጣ። ከጎርፉ ቀደም ባሉት ሁለት ዓመታት ገደማ፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ ትኩሳት ይዞት፣ ከስቶ፣ ጣፊያው አብጦ የሚመጣ ሰው በዛ። ወባ ነው ተባለ፣ የወባ መድኃኒት ተሰጠው። አልተሻለውም። እንግዲያው መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተባለ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ የሕክምና ማዕከል ከፈቱ።

ማን ይጠረጥር? ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ እንጂ የደጋ በሽታ አይደለም ተብሎ ተምረናል። ግን የሜዳው ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥገኛው በደሙ አብሮት ሊመጣ ይችላል። እዚህ ደግሞ ከብት የሚጠብቀው ሰው ሌሊት ግራር ሥር ይተኛል፣ አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብም የምትናከሰው ሌሊት ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፤ የተረዳነው ግን ከብዙ ቀብር በኋላ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። ከጎርፍ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በፎገራ ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስላል። ብዙውን ጊዜም ወባ ነው። ዕቅዳችን አጎበርና የወባ መድኃኒት ያዘጋጃል፣ ዓይናችንንም ወባን ብቻ እንዲያይ ያለማምደዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አንድ ተጨማሪ መዝገብ እፈልጋለሁ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ሳይሻለው የተመለሰ ሰው ስም፣ ቀበሌና ቀን የሚጻፍበት። በየሳምንቱ ይቆጠር። ከአንድ ጎጥ ሦስት አራት ሰው ከተመለሰ ስልክ ይደወል። ማሽን አይጠይቅም፣ ደብተር ነው የሚጠይቀው።

ሌላው፣ በወረዳው የአደጋ ኮሚቴ ውስጥ ሁሉም የጽሕፈት ቤት ኃላፊ አለ፤ የዕድር ዳኛ ግን አላየሁም። ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተውን ሰው የሚቆጥረው እሱ ነው። ሊቦ ከምከም ላይ ሞት መብዛቱን ከጤና ቢሮ በፊት ያወቁት ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ይመስሉኛል። ለዕድር ዳኛው የሚደውልበት ስልክ ቁጥርና ደውሎ የሚያናግረው ሰው ይሰጠው።

ለመምህራኖቻችን ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። ስለ ፎገራ ጎርፍ፣ ወባ፣ ሩዝና ካላዛር ተማሪዎቻችን የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ወረታ ያለው የጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ መጥቶ አያነባቸውም፤ እሱ እኮ በቀን ስንት በሽተኛና ስንት ሪፖርት አለበት። አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ ለወረዳውና ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲያደርስ ቢደረግ ምን ይከብዳል? ጎርፍ የማይነካው ቦታ የትኛው ነው፣ የትኛው መንገድ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ የትኛው ጎጥ ትኩሳት ይበዛበታል፤ ይኸው ነው።

እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አለን፤ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የሒሳብ ባለሙያ። መዝገቡን ማሳተምና የመጸዳጃ ቦታዎቹን መለካት የሚችል ሰው ከዚህ አዳራሽ አይጠፋም። በር ላይ ወረቀት አስቀምጫለሁ፤ ስማችሁንና የምትችሉትን ጻፉበት። የምንሄደው በግንቦት ነው፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ።