እሳት አጥፊው ሲወድቅ ምን ይመረመራል?

የከሚሴ ከተማ በአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ላይ ናት፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴ በመጣ ቁጥር ስጋቱም አብሮ ይመጣል። እሳት ሊያጠፋ የሮጠ ሠራተኛ ክፉኛ ቢጎዳ ወይም ቢሞት፣ “ዕድሉ ነው” ብሎ ማለፍ ባልደረባውን ለተመሳሳይ አደጋ መተው ነው።

ምርመራ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። የራስ ቁሩ፣ የተቃጠለው ልብሱና የአየር ሲሊንደሩ ሳይታጠቡና ሳይነካኩ ይቀመጣሉ። ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል አየር ቀረ? በሬዲዮ የተላለፈው የመጨረሻ ትእዛዝ ምን ነበር?

አሜሪካ በሥራ ላይ የሞቱ እሳት አጥፊዎችን ጉዳይ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶቹ ገለልተኛ በሆነ ተቋም ማስመርመር የጀመረችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ በሥራ ላይ ከሚሞቱት እሳት አጥፊዎች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው የጤና ምርመራ ማድረግም ሕይወት ያድናል።

ከባቲ እስከ ሰንበቴ ያሉ አስተዳደሮች እንዲህ ያለውን የአደጋና የጤና ምርመራ ዛሬውኑ ሊጀምሩ ይገባል።