ለካልሲ የታሰበው ሐር፦ በቀርከሃና በቻይና ባህል የተማሪዎች ውድድር ሽልማት ላይ የተደረገ ንግግር



ሥራዎቻችሁ የተደረደሩበትን ጠረጴዛ ቀደም ብዬ ዞሬ አይቼዋለሁ። ፓንዳ በዝቷል። የተኛ ፓንዳ፣ የተናደደ ፓንዳ፣ መነጽር ያደረገ ፓንዳ ሳይቀር አለ። አልፈርድባችሁም፤ ለመሳል የሚመች እንስሳ ነው። ፓንዳ ግን ቀርከሃን የሚያውቀው በሆዱ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የምፈልገው በእጃቸው ስለሚያውቁት ሰዎች ነው።

ከሥራዎቹ መካከል አንዱ ያዝ አድርጎ አቆመኝ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው። ቀርከሃ በስሱ ተሰንጥቆ፣ ስንጥሮቹ ጎን ለጎን በክር ታስረው፣ በላያቸው ላይ በቀለም ተጽፎባቸዋል። ሲፈልጉ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። ይህን ያየ ሰው መጫወቻ ነው ብሎ እንዳያልፈው። ቻይና ውስጥ ወረቀት ከመስፋፋቱ በፊት መጽሐፍ የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ቀርከሃው በልኩ ይቆረጥና ይሰነጠቃል። አረንጓዴው ልጥ ይፋቃል። ከዚያ እሳት ላይ ይያዛል፤ ሙቀቱ ሲያገኘው በውስጡ ያለው ውኃ ወደ ላይ ወጥቶ ያንጠባጥባል። ይህ ካልተደረገ ነቀዝ ይበላዋል። ሲደርቅ በብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጻፍበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስንጥር አንድ መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። የተሳሳተ ጸሐፊ ስህተቱን በትንሽ ቢላ ይፍቀዋል። ላጲሳቸው ስለት ነበር ማለት ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊዎችም በመቃ ብዕር ብራና ላይ ሲጽፉ ስህተታቸውን የሚያነሱት ፍቀው ነው፤ ሁለቱ ቢገናኙ ብዙ የሚጨዋወቱት ነገር ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሻንዶንግ ግዛት ውስጥ ሊንዪ ላይ ሁለት የጥንት መቃብሮች ተቆፍረው የሱን ዙ «የጦርነት ጥበብ» የተባለ መጽሐፍ የተጻፈባቸው የቀርከሃ ስንጥሮች ወጡ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ቆይተው ጽሑፉ ይነበባል። ክሩ ግን በስብሶ አልቋል። ስለዚህ ምሁራኑ ያገኙት የተበታተነ መጽሐፍ ነው፤ የትኛው ስንጥር ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ለማወቅ ተቀምጠው መገጣጠም ነበረባቸው። እናንተ የገጽ ቁጥር የሌለው ደብተራችሁ ተበትኖ አስተካክሉት ብትባሉ የምትገቡበትን ጭንቀት አስቡት።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ዌን ቶንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1018 እስከ 1079 የኖረ የመንግሥት ሹም ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን በሹመቱ ሳይሆን ቀርከሃ በመሳሉ ነው። ዝናው ሲወጣ ሰው ሁሉ «ሳልልኝ» እያለ ነጭ ሐር ተሸክሞ ደጁን አጣበበው። በዚያ ዘመን ሥዕል በሐር ላይም ይሳል ነበር። ዌን ቶንግ ሰለቸው። አንድ ቀን ሐሩን መሬት ላይ ወርውሮ «ካልሲ አሰፋበታለሁ!» አለ።

ይህን የነገረን ወዳጁ ሱ ሺ ነው፤ ከቻይና ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ። ዌን ቶንግ በቀርከሃ የተሞላ ሸለቆ ባለበት አውራጃ ተሹሞ ሳለ፣ ሱ ሺ «ሸለቆውን በልተህ ጨረስከው» የሚል ዓይነት ቀልድ ያለበት ግጥም ላከለት። ደብዳቤው የደረሰው ዌን ቶንግ ከባለቤቱ ጋር እዚያው ሸለቆ ውስጥ ለራት የቀርከሃ ቡቃያ ሲበላ ነው። ሲያነበው ሳቁ አመለጠው፤ አፉ ውስጥ የነበረው ምግብ በሙሉ ገበታው ላይ ተበተነ። ዌን ቶንግ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሱ ሺ መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን ፀሐይ ሊያስመታ አውጥቶ ሳለ የወዳጁን ቀርከሃ አገኘና ሥራውን ጥሎ አለቀሰ። ዛሬ የነገርኳችሁን የጻፈው ያኔ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ዌን ቶንግ ያስተማረው ነገር አለ። ቀርከሃን አንጓ በአንጓ፣ ቅጠል በቅጠል እየለጣጠፍክ አትሳለው፤ ብሩሹን ሳታነሣ በፊት ሙሉው ቀርከሃ በልብህ ይቁም ይላል። ይህ አባባል እስከ ዛሬ በቻይናውያን አፍ አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሱ ሺ ከዚያ ቀጥሎ የተናገረው ነው። ነገሩ በልቤ ገብቶኛል፣ እጄ ግን እሺ አይለኝም፤ ስላልተለማመድኩ ነው ብሎ ጻፈ። ያን ያህል ሊቅ!

የቻይና ሊቃውንት በቀርከሃ ባዶ ውስጥ ትሕትናን፣ በአንጓው ጽናትን ያያሉ፤ ብዙዎቻችሁ በድርሰታችሁ ጽፋችሁታል፣ ትክክልም ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው። ዌን ቶንግ አሶሳ ላይ ተሹሞ ቢሆን ኖሮ ትሕትናን ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት።

ይህን ያነሣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። በአፍሪካ ሰፊው የቀርከሃ ሀብት ያለው እኛው አገር ነው። ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱን ቤጂንግ አድርጎ የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮውን አዲስ አበባ የከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶርዜዎች ከደጋው ቀርከሃ ግድግዳና ጣሪያው ያልተለያየ ረጅም ቤት ይሠራሉ። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል እንጂ አይፈርስም፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። እንዲህ ያለ ጥበብ ይዘን፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድርን ሰው ስንጠራበት የኖርንበትን ስም ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጆች ፊት አልደግመውም። ቻይናውያን በተክሉ አልበለጡንም። እነሱ ዘንድ ሹሙም ባለቅኔውም ቀርከሃውን አክብሮ ቀርቦታል፤ እኛ ዘንድ ለቅርጫት ሠሪውና ለሰፋፊው ብቻ ተትቷል።

ስለዚህ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መንገድ ዳር ከሚሠራ አንድ የቀርከሃ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ፤ የስንት ዓመቱን ነው የሚቆርጡት? ቀርከሃ ከመሬት የሚወጣው ውፍረቱን ይዞ ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ላየው የደረሰ ይመስላል። ያኔ የተቆረጠ ግን ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ጠንክሮ ለሥራ የሚሆነው ሦስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ባለሙያው ይህን በመልኩ ይለየዋል፤ እንዴት እንደሚለየው ያሳያችሁ። ከዚያ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ። ቢንጋደድም ግድ የለም፤ ለሱ ሺም አልሆነለትም።

ወላጆች፣ ቢላውን እናንተ ያዙላቸው። ዳኞቹ የስም ዝርዝሩን ይዘው ቆመው እየጠበቁኝ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጆች፣ ከእናንተ እንጀምራለን፤ በዚህ በኩል ተሰለፉ።