ሠላሳ ሰው አንድ ቡድን የሚሆነው በምን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነገረ)



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ብዙዎቻችን፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በመሥሪያ ቤት ወይም በፋብሪካ የሰዎች አለቃ እንሆናለን። ማዘዝን በቶሎ እንለምደው ይሆናል፤ ሰውን ማሠራት ግን ሌላ ሙያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቱላ ተነሥተን እንነጋገር ብለናል።

ቱላ ከሐዋሳ ከተማ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ክፍለ ከተማ ይባል እንጂ አብዛኞቹ ቀበሌዎቹ ገጠር ናቸው። በዚያ ያደጉ ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት፣ እንሰት የሚፋቀው በሴቶች እጅ ነው፤ ለብቻም የሚወጡት ሥራ አይደለም። ጎረቤታሞች ተሰባስበው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዪቱን ይፍቃሉ። አንዷ ግንዱን ትገነጣጥላለች፤ አንዷ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች፤ ጉልበት ያላት አሚቾውን ትከትፋለች፤ ቡላው ይጠለላል፤ ቃጫው ይለያል፤ የቀረውም በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጕድጓድ ተቀብሮ ቆጮ ይሆናል። መሪ ናት ብሎ የሾማት ደብዳቤ የለም። ነገር ግን ጕድጓዱ መቼ እንደሚገለበጥ፣ የትኛው እንሰት እንደ ደረሰ የምታውቀው ማን እንደ ሆነች ሁሉም ያውቃሉ። እርሷም መፋቂያዋን ይዛ ከመካከላቸው ተቀምጣለች።

በሲዳማ ይህን መሰሉን የጋራ ኑሮ የሚገዛው ሴራ ነው። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ተንኰል ይመስለውና ይደነግጣል፤ እዚያ ግን የኅብረተሰቡ ሕግና ሥርዓት ማለት ነው። ለስላሳ ሕግ ነው ብለን ግን አናሞግሰውም፤ ከጋራ ሥራ የሚሸሸውን ሰው እስከ ማግለል ይደርሳል። ከእርሱ ጋር አፊኒ የሚባል ልማድ አለ፤ ትርጉሙ «ሰምታችኋልን?» እንደ ማለት ነው። ነገር ከመወሰኑ በፊት ጉዳዩ ለሰዎቹ ይነገራል፤ ሁሉም ሰምቶ የሚለውን ይላል።

አሁን ከጓሮው ወደ ፋብሪካው እንሻገር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ግንባታው በዘጠኝ ወር ያህል ማለቁ ሁሉን አስደንቆ ነበር። ሕንፃው ተሠራ፤ መኪናዎቹ ገቡ፤ ከገጠር ቀበሌዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። በልብስ ስፌት መስመር ላይ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ቀጣዪቱ እጅጌ ትገጥማለች፤ አንዷ ከቀረች ከእርሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ከእንሰት ፍቂያው ይልቅ አንዱ ለሌላው የሚያስፈልግበት ሥራ ይህ ነው። ይሁንና በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት ሥራውን እየለቀቁ የሄዱት ቍጥር ወደ መቶ በመቶ ደርሶ ነበር። ሕንፃው በዘጠኝ ወር ቆመ፤ ቡድኑ ግን አልቆመም።

ለምን? አንደኛውን ምክንያት ሸፋፍነን ማለፍ አንፈልግም። ያው ጥናት የመነሻው ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደ ነበረ ይገልጻል። የቤት ኪራይና ምግብ የማይችል ደመወዝ እየከፈለ ስለ ኅብረት የሚሰብክ አለቃ የሚሰማው የለም፤ ልክም ነው። ከዚህ በላይ አለቃው ከእስያ የመጣ፣ ሠራተኛዪቱ ሲዳምኛ ተናጋሪ፣ በመካከላቸው ያለው ቋንቋም የሁለቱም ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነበር። በእናቷ ጓሮ ሌሎቹን ስታቀናጅ ያደገችው ልጅ፣ በፋብሪካው ከምንም እንደምትጀምር ሆና ተቈጠረች። እኛን የሚቈጨን ይህ ነው፤ መተባበርን ሊያስተምሯት ተነሡ እንጂ የምታውቀውን የጠየቃት አልነበረም።

የምሕንድስና ተማሪ ወንድሞቻችን «ፋብሪካ ጓሮ አይደለም፤ የጭነት ቀን አለ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ቆጮ ለመርከብ አይቸኵልም። ነገር ግን እንሰት ፈቂዎቹ ያለ ሰዓት ቈጣሪ ሥራቸውን የሚጨርሱት፣ የምትመራቸው ሴት የሥራውን ክብደት በእጇ ስለምታውቀው ነው። የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘርም ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ከመኪናው ፊት ተቀምጦ ቢያሳልፍ፣ የትኛው ስፌት ትከሻ እንደሚያደክም ያውቃል። ትእዛዝ ሲለወጥም ለምን እንደ ተለወጠ አስቀድሞ ቢናገር፣ ይህ አፊኒ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ቀጣዩ ሱፐርቫይዘር ከዚያው መስመር ቢወጣ ደግሞ አስተርጓሚ ባላስፈለገም ነበር።

መሪ ሁሉን ይችላል ማለታችን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ለኢትዮጵያ ስትነፍግ ከፓርኩ የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የተስማማ ቡድንም ቢሆን ከእንዲህ ያለው ነገር አይተርፍም።

ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለሥራ ልምምድ ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት የምንላከው ተማሪዎች ከአለቆች ጋር ብቻ ተነጋግረን አንመለስ። ከመስመሩ ሠራተኞች ሁለቱን ወይም ሦስቱን፣ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ሥራው የሚቆመው የት ላይ እንደ ሆነና እነርሱ ቢሆኑ ምን እንደሚለውጡ ጠይቀን መልሱን ጽፈን እናምጣ። የሲዳምኛ ቋንቋ የሚችሉ ጓደኞቻችን ጥያቄዎቹን ለመተርጐም ፈቃደኞች ናቸው፤ መልሶቹንም በሚቀጥለው ጉባኤ እናነባለን።